የኅዳር ሚካኤል ተረኛ

ሁለቱ ፈረንጆች ወረታ የመጡት በሃምሳዎቹ ዓመታት ውስጥ ነው፤ እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ዲያቆን ነበርኩ። ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጬ፣ ከመምህሬ ጋር ተጣልቼ ወጥቻለሁ። የተጣላሁት በምላሴ ነው። ቤት ከተመለስኩ በኋላ የረባ ሥራ አልነበረኝም፤ እናቴ ግን ለጎረቤት «እያረፈ ነው» እያለች ታሳምርልኝ ነበር።

ፈረንጆቹ ሚሲዮኖች ናቸው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ስማቸውን አልጽፍም፤ ወረታም በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም፣ ረጅሙና አጭሩ ነበሩ። ሁለቱም እኔን በአራት በአምስት ዓመት ቢበልጡኝ ነው። በኛ አገር ክርስቲያኑን መስበክ አልተፈቀደላቸውም፤ የተፈቀደላቸው ማከም ብቻ ነው። ከገበያው በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት የወባ ክኒን፣ የዓይን ቅባትና የቁስል መድኃኒት ይሰጡ ነበር። አዲስ አበባ ጥቂት ወር አማርኛ ተምረዋል። የተማሩት አማርኛ ግን ለፎገራ ገበሬ አይገባውም፤ የፎገራ ገበሬ አማርኛም ለነሱ አይገባቸውም። ስለዚህ ከአማርኛ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ፈለጉና እኔ ተገኘሁ።

በመጀመሪያው ቀን መምህር በአገራችን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠየቁኝ። «የኔታ ይባላል» አልኳቸው፤ «የሚያነጋግሩትም እርስዎ እያሉ ነው፣ ሲገባም ተነሥተው ይቀበሉታል።» ውሸት የለበትም። ያልነገርኳቸው ነገር ቢኖር፣ ይህ ለሸበተ የቅኔ መምህር እንጂ ለሃያ ዓመት ጎረምሳ የማይባል መሆኑን ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጎልማሳ ፈረንጆች በገበያ መካከል ባርኔጣቸውን እያወለቁ «የኔታ፣ እንዴት አደሩ?» ሲሉኝ ከርመዋል። ገበያው በሳቅ ይፈርሳል። እኔ አልስቅም ነበር፤ ነጠላዬን አስተካክዬ ቀስ ብዬ እመልስላቸዋለሁ።

ቡና አይጠጡም። ሻይም አይጠጡም። ጠላና አረቄማ በደጃቸው አያልፍም። ወረታ ይህን አይታ ተጨነቀች፤ ጤነኛ ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አይሆንም። ቤቱን ያከራየቻቸው ሴትዮ አንድ ቀን ወደ ጥግ ስባኝ «ምነው ልጄ፣ ምን ነክቷቸው ነው?» ስትለኝ ምላሴ ቀደመኝ። «ቀኖና ላይ ናቸው» አልኳት። «አገራቸው ሳሉ የንስሐ አባታቸው የሰጣቸው ነው። ኃጢአቱን መናገር ግን ለኔ አይገባኝም።» እኔ ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ከቁሐር እስከ አንበሳሜ ያለው ሰው ሁሉ ሁለቱ ፈረንጆች ነፍስ ገድለው ንስሐ ላይ መሆናቸውን አውቆ ተቀመጠ።

ወሬው የጎዳቸው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ሰው ያዝንላቸው ጀመር። ገበሬው ክኒኑን ተቀብሎ ሲወጣ በር ላይ ዞር ብሎ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ይላቸዋል። ረጅሙ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀኝ «ምርቃት ነው» አልኩት። በማግስቱ እሱም ለበሽተኞቹ እየመለሰ «እናንተንም ይፍታችሁ» ማለት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ይህን ሲሰሙ ደንግጠው ኃጢአታቸውን በልባቸው ሲቆጥሩ አይቻለሁ።

ቀናቸው በሰዓት የተከፋፈለ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነሥተው፣ ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በየተራ ይጸልያሉ። ከዚያ እስከ ቀትር በሽተኛ ያያሉ። ከቀትር በኋላ እኔ አማርኛና ያገር ወግ አስተምራቸዋለሁ። ቀጥሎ ደግሞ እነሱ «ለቋንቋው ልምምድ» እያሉ እኔን ሃይማኖት ያስተምሩኛል። ሕዝቡን መስበክ ስላልተፈቀደላቸው ያ ሁሉ የተዘጋጀ ትምህርት በኔ በአንዱ ላይ ፈሰሰ። በትልቅ ወረቀት የተሣሉ ሥዕሎች ነበሯቸው፤ አጭሩ በእንጨት እየጠቆመ ያስረዳኛል፣ እኔ ጥቅሱን በግእዝ አወርድበታለሁ። እሱ ይጽፋል። ማን ማንን ሲያስተምር እንደነበር እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ረጅሙ ሥዕል አይወድም ነበር። እሱ የሚወደው አንድ ትምህርት ነው፤ እውነት መናገር። እየደጋገመ ያመጣዋል። ከዳዊት ስለተማረ አማርኛው የባሕታዊ አማርኛ ነበር። «የኔታ» አለኝ አንድ ቀን፣ «ምላስ ሳይናገር ሰው ሊዋሽ ይችላልን?»

«አይችልም» አልኩት። «ዝምታ የመነኮሳት ጌጥ ነው።»

አሰበበትና «እኔ ይችላል ብዬ አምናለሁ» አለኝ፤ በዚሁ ተለያየን።

ቅዱሳንን ማክበር በነሱ ትምህርት የለም። ወባ ግን አስተማራቸው። ረጅሙ በሽተኛውን «ሕመሙ መቼ ጀመረህ?» ይለዋል። ገበሬው «ጊዮርጊስ ለት ብርድ ብርድ አለኝ፣ ለመድኃኔዓለም ተሻለኝ፣ ለባለወልድ እንደገና ጣለኝ» ይላል። ክኒኑን ለመስጠት ቀኑን መቁጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ ሠላሳውን ቀን ከነቅዱሳኑ አስጠናሁት፤ በወረቀት ጽፎ ከመድኃኒቱ መደርደሪያ በላይ ሰቀለው። አጭሩ ይህን ሲያይ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ረጅሙ «የወባ ሠንጠረዥ ነው» አለው። ሦስት ወር ሳይሞላ ከአገሩ ዲያቆናት ይልቅ ቀን የሚያውቅ እሱ ሆነ። በር ላይ ቆሞ «ዛሬ አቦ አይደለምን?» እያለ ሴቶቹን ያስታውሳቸው ነበር።

እኔ ካስተማርኳቸው ሁሉ በእውነት የምኮራበት ያገሩን ወግ ነው። ሽማግሌ ሲነሣ ተነሡ። የሚሰጣችሁን በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብላችሁ ተቀበሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽማግሌ ዕቃ ይዞ ቆሞ እናንተ እንዳትቀመጡ፤ ተነሥታችሁ ከእጁ ተቀበሉት። ረጅሙ ይህችን የመጨረሻዋን በደብተሩ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረባት።

የቁሐር ሚካኤል ቄስ የኔ የንስሐ አባት ናቸው። ሽፋላቸው ወደ ውስጥ እየበቀለ ዓይናቸውን ይወጋቸው ስለነበር ወንጌሉን ከማንበብ ይልቅ በቃል ይወጡት ነበር። ረጅሙ በየሳምንቱ በመንቀሻ እየነቀለ፣ ቅባት እየቀባ ቆይቶ፣ ከሁለት ወር በኋላ ቄሱ ፊደል ለዩ። ደስ ቢላቸው ለጥቅምት ሚካኤል ማኅበር ሁለቱንም ጋበዟቸው። እኔም ላስተረጉም አብሬ ሄድኩ።

ማኅበሩ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን፣ በየተራ በማኅበርተኛው ቤት ይጠጣል። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ቄሱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ይዘው ይቆማሉ። ተረኛው ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበልና ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ የሚመጣው ወር ድግስ የሱ ነው። አንዴ የተቀበለ አይመልስም። ከጥቅምት ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ኅዳር ነው፣ የሚካኤል የዓመቱ ትልቅ በዓል። ያን ለት ማኅበርተኛው ብቻ ሳይሆን ካህኑም፣ ጎረቤቱም፣ ነዳያኑም ይመጣል። በዚያ ዓመት የኅዳሩ ተረኛ ወንድሙ ሞቶበት ሐዘን ላይ ነበር። የክረምቱም ውኃ ከፎገራ ሜዳ ላይ ቶሎ አልሸሸም፤ የሁሉም ጎተራ ባዶ ነው።

ስለዚህ ቄሱ ጽዋውን ይዘው ሲቆሙ የሚነሣ ጠፋ። «የኅዳሩን ማን ያንሣው?» አሉ ሙሴው፤ የማኅበሩን አለቃ እንዲህ ነው የምንለው። አንዱ ጣራ ያያል። አንዱ ጫማውን ይፈታል፤ ሌላው ሳያስነጥሰው ያስነጥሳል። ቄሱ ጽዋውን ይዘው እንደቆሙ ናቸው። ከጎኔ ረጅሙ መቁነጥነጡ ተሰማኝ። አንድ ሽማግሌ ዕቃ ይዘው ቆመዋል፣ ይህ ሁሉ ሰው ተቀምጧል፤ የኔታ ያስተማሩት ወግ በፊቱ እየፈረሰ ነው። ዞር ብሎ አየኝ። «ልነሣ?» የሚል ዓይን ነበር።

እጀጌውን ልይዘው እችል ነበር። በመካከላችን ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው የነበረው። እኔ ግን ሳቄን ውጬ ራሴን ነቀነቅሁለት።

ተነሣ፣ ጎንበስ አለ፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ቄሱ ደንግጠው አልለቀቁትም፤ ትንሽ ጊዜ ጽዋው በአራት እጅ ተይዞ ቆየ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ እልል አለች። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። «ኧረ ይኸ ሰው የኛ ሃይማኖት አይዶለም» አለ አንዱ። «አንዴ የተነሣ ጽዋ ወደ ምድር እንዳይወርድ» አለ ሌላው። ሙሴው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና «ነፍስ ገድሎ ንስሐ ላይ ያለ ሰው ነዳያን ላብላ ቢል እኛ ማን ነን የምንከለክለው?» አሉ። ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። ቄሱም ለቀቁ። ለቤት አከራይዋ በጥግ የተናገርኳት ቃል እንዲህ ዞራ መጥታ ነገሩን አጸደቀችው።

ረጅሙ እስከ ወረታ ድረስ ጽዋውን ደረቱ ላይ ይዞ ሲሄድ ስጦታ የተሰጠው መስሎት ነበር። ምን እንደተቀበለ የነገርኩት ቤት ከደረስን በኋላ ነው፤ እየሳቅሁ ነው የነገርኩት፤ አስቀድሜ ማወቄን ግን አልጠቀስኩም። አጭሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሁለቱ በቋንቋቸው ሲነጋገሩ ቆዩና አጭሩ ወደኔ ዞሮ፣ ያን ያህል ጥሩ አማርኛ ከሱ ሰምቼ አላውቅም፣ ነገሩን አስረዳኝ። አዲስ አበባ ያለው አለቃቸው ያወጣው ደንብ አለ፤ የቅዱሳን ድግስ የደገሰ፣ ጠላ ያስጠመቀ ሰው ሥራው ያበቃል፣ ወዲያው ወደ አገሩ ይመለሳል።

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። ረጅሙ መቆየት ይፈልግ ነበር። የተመደበለት ጊዜ ሊያልቅ ስለተቃረበ ሌላ ሁለት ዓመት እንዲጨመርለት ጠይቋል፤ ወባ የጣላቸው ሰዎች የሚተኙበት ሦስተኛ ክፍል ሊሠራ ድንጋይ እያስመጣ ነበር። ቢደግስ ይባረራል። ባይደግስ ደግሞ የሚካኤልን ጽዋ ያቋረጠ ሰው በእጁ ክኒን ቢሰጥ በፎገራ ማን ይውጥለታል? እኔ በአንዲት ራስ መነቅነቅ ሁለቱንም በር ዘግቼበት ወደ ቤቴ ገባሁ።

እናቴ የነገሩን ቀልድ ታይልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ወጡን አውርዳ ሰማችኝ። «አውቀህ ነው?» አለች። «አውቄ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን እህል ስታቀርብልኝ እንኳ አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን «ጠላውን እኔ እጠምቅለታለሁ፤ አንተ ግን ነፍስህን ፈልግ» አለችኝ።

የባሰው ነገር የሰዉ ደስታ ነው። ፈረንጁ ሚካኤልን ሊዘክር ነው ተብሎ ወሬው በሜዳው ተዳረሰ። ክኒን ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ጤፍ በቁና፣ አንዱ ማር በቅል፣ አንዱ በግ እየጎተተ ይመጣል። አንዲት የዳኑ አሮጊት ኑግ በመሃረባቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው በረጅሙ መዳፍ ላይ ፈቱት። ባዶ ጎተራ የነበራቸው ሰዎች ናቸው እነዚህ። ረጅሙ ሁሉንም በሁለት እጁ እየተቀበለ ጎንበስ ይላል፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ አስተረጉማለሁ። ፊቱን ማየት ስለከበደኝ መድኃኒቶቹን እያየሁ ነበር የማስተረጉመው።

በመጨረሻ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ቁሐር ድረስ ያለውን ጭቃ እየረገጥኩ ቄሱ ምን ዓይነት ቀኖና እንደሚሰጡኝ ገምቼ ነበር፤ ጾም፣ ስግደት፣ ቢበዛ አንድ ሱባኤ። ሰምተውኝ ሲያበቁ በተሻለው ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ስግደት ብሰጥህ ደስ ይልህ ነበር» አሉ። «አውቅሃለሁ። ቀኖናህ ሄደህ ለራሱ መንገር ነው። ሳታውቅ ተታልለህ ነው የተቀበልከው በለው። እሱ ልተወው ካለ፣ አንተ በማኅበሩ ፊት ቆመህ ይህንኑ ትናገራለህ፤ ጽዋው ያለ ነውር ወደ ሌላ ይዞራል።»

«አባ፣ ሌላ ቀኖና የለም?»

«የለም።»

ስደርስ ረጅሙ የታጠበ የቁስል ማሰሪያ እየጠቀለለ ነበር። ቆሜ ነገርኩት። እስክጨርስ መጠቅለሉን አላቆመም።

«አንተ» አለኝ፤ የኔታም እርስዎም የቀሩት ያኔ ነው። «ምን እንደምቀበል ታውቅ ነበርን?»

«አውቅ ነበር።»

«ስቀህ ነበርን?»

«በሆዴ» አልኩት።

ጥቅሉን አስቀመጠና ባርኔጣውን ሳይዝ ወጣ። ለሁለት ካልሆኑ የትም አይሄዱም ነበር፤ ያን ቀን ግን ብቻውን ወደ ሜዳው ሲወርድ አጭሩ ከኋላው እየጠራው ቀረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሰ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ስጠብቀው ነበር የዋልኩት።

«እኔ እደግሳለሁ» አለኝ። «በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። አንተ ለማኅበሩ ምንም አትናገርም።»

ፈረንጅ እልኸኛ ነው እየተባለ ሲወራ እሰማ ነበር፤ ይኸው አልኩ በልቤ። እውነቱን ለመናገር ቅር አላለኝም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከመቆም ዳንኩ፤ ያን ለት እንቅልፌን ጥሩ አድርጌ ተኛሁ።

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አጭሩ አንድ ነገር ላይ ጸና፤ በቤታቸው ውስጥ አንዲት ጠብታ ጠላ አትገባም። ስለዚህ ዳስ በውጭ ተጣለ። ራሱ ወጥቶ ከበሩ እስከ ዳሱ አሥር እርምጃ ቆጠረና ድንጋይ አስቀመጠ። እናቴ ጠላውን በቤቷ ጠምቃ በጋን አስመጣች፤ ጋኖቹ ከድንጋዩ ወዲህ እንዳያልፉ አጭሩ እንደ ዘበኛ ቆመ። በጎቹን የባረክኋቸው እኔ ነኝ፤ የፈረንጅ እጅ ያረፈበትን ሥጋ ማኅበርተኛው አይቀምስም። ወጡን የሠሩት የወረታ ሴቶች ናቸው። ለደጋሹ የቀረለት ሥራ እጅ ማስታጠብ ብቻ ነበር።

እሱንም ሠራው። ማንቆርቆሪያ ይዞ ከሙሴው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ነዳይ ድረስ ጎንበስ እያለ አስታጠበ። ሰዉ ሲበዛበት አጭሩ ከድንጋዩ ማዶ ሆኖ ትንሽ አየ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ሌላ ማንቆርቆሪያ አንሥቶ መስመሩን ተሻገረ። እሱ ሲያስታጥብ ውኃው እስከ ክርን ይደርስ ነበር። ረጅሙ ብርዝ ጠጣ፤ ያልቦካ ነው ብዬ ስምልለት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እናቴ ዞሮ አረጋገጠ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁት። «የገደልከውን ሰው ነፍስ ይማር፣ ላንተም ይቅር ይበልህ» አሉት ሙሴው። ረጅሙ አሜን አለ። ዞሮ ሲያየኝ ይህንንም፣ ነፍስ ገዳይ ያስባለው የኔ ቃል መሆኑን፣ ነገርኩት፤ ከዚያ በኋላ ምንም የምደብቀው እንዲቀረኝ አልፈለግሁም። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ።

በማግስቱ ለአለቃው ደብዳቤ ጻፈ። ማንም አልከሰሰውም፤ አጭሩ እንኳ «እኔ አልጽፍም» ብሎት ነበር። ጽፎ ሲያበቃ በአማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። ሽማግሌው ጽዋ ይዘው መቆማቸው አለበት፣ በሁለት እጁ መቀበሉ አለበት፣ በጎቹና ጠላው አሉበት። ውሸት የለበትም፤ እኔም የለሁበትም። ለአውቶቡስ ሾፌር እንድሰጠው ሰጠኝ። ሁለት ቀን በደረቴ ይዤው ዞርኩ። ወንዝ ብጥለውስ ብዬ ያላሰብኩበት ጊዜ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን «ሰጠኸው?» አለኝ። «ነገ» አልኩት። «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለኝ፣ ሳይቆጣ። አብረን ሄድን፤ በገዛ እጁ ሰጠው።

መልሱ ከገና በፊት መጣ። አጭር ነበር። ለጥምቀት ሳይደርስ ሌላ ሰው ተክቶት ሊመጣ፣ እሱ ሊሄድ። የሦስተኛው ክፍል ድንጋይ በደጅ እንደተከመረ ነው። ያን ቀን ያስተማርኩት አማርኛ አልነበረም፤ ተቀምጠን የቁስል ማሰሪያ ስንጠቀልል ዋልን።

በሚሄድበት ቀን የማኅበሩ ሰዎች ነጭ ለብሰው አውቶቡሱ ዘንድ መጡ። እሱ ማኅበርተኛ ነው፤ ለነሱ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሙሴው «ማኅበርተኛ አገር ሲለቅ ተራውን ለዘመዱ ይሰጣል» አሉት። «እዚህ ዘመድ አለህ ወይ፣ ወይስ ተራህን እንዝጋው?»

ሁሉም ዘመድ እንደሌለው ያውቃል። እሱ ግን እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «አለኝ» አላቸው። «ወንድሜ ነው።»

አውቶቡሱ ተነሣ፤ በመስኮት ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣኝ። አቧራው እስኪረጋ ቆምኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ቄሱ አብረውኝ ሄዱ። «ለምን እንደደገሰ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«እልኸኛ ስለሆነ ነው፣ አባ።»

«አይዶለም» አሉ። «አንተ የነገርከው ለት ጭቃውን ተሻግሮ ወደኔ መጣ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ይህ ልጅ በማኅበሩ ፊት ቆሞ ቢናገር ምን ይደርስበታል አለኝ። በሚካኤል ጽዋ የቀለደ ዲያቆን መቅደስ አይገባም፤ ቅስናም አይደርሰው አልሁት። ለአንተ አልነገርሁህም ነበር፤ ብነግርህ አትናዘዝም ብዬ ነው። እሱም ‹እኔ ብባረር የምሄደው ወደ አገሬ ነው፤ እሱ ቢባረር ወዴት ይሄዳል?› አለኝ። ተነሥቶ ወጣ።»

መንገዱ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ቄሱ አላባበሉኝም፤ በበትራቸው ተደግፈው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ቅስና የተቀበልኩት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። የማኅበሩ ተራም በዓመቱ ሲደርሰኝ እደግሳለሁ፤ ሙሴው ሞቱ፣ ንስሐ አባቴም አረፉ፣ የዛሬዎቹ ማኅበርተኞች ልጆቻቸው ናቸው። ቆሜ ስባርካቸው እጄን ይስማሉ። ያ እጅ መቅደስ የሚገባው ሌላ ሰው አገሩ ስለተመለሰ መሆኑን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም ነበር።